ሰላምታው ያላለቀ ግጥሚያ

የብሎክ አርባ ሁለት ሊፍት የቆመው በ2073 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ዓመት ነዋሪው ይሠራል ብሎ ጠበቀ፤ በሁለተኛው ዓመት ተሳደበ፤ በሦስተኛው ዓመት አንዲት ሴት በሩን በድንጋይ አስደግፋ ውስጡ ሽንኩርት መሸጥ ጀመረች። አሁን የብሎኩ ሕፃናት ሊፍት የሚባለው የሽንኩርት ሱቅ ይመስላቸዋል። «ሊፍት ሂድና ግማሽ ኪሎ አምጣ» ሲባል ግራ የሚገባው ልጅ የለም።

እትዬ ሶሊያና የሚኖሩት ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸው ደረጃ ላይ ሲታጠፍ እንደ አሮጌ ቁም ሣጥን ስለሚንቋቋ መምጣታቸውን ጎረቤት አስቀድሞ ይሰማል። በቀን አንድ ጊዜ ወርደው አንድ ጊዜ ይወጣሉ፤ ሳይገዙት የረሱት ነገር ቢኖር ተረስቶ ያድራል። በዚህ ሳምንት ወጣቸውን ያለ ጨው በልተዋል።

ስለዚህ በጥቅምት ወር የግራውንዱ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ሲለቀቅ፣ ለነዋሪዎች ኮሚቴ መጀመሪያ ያመለከቱት እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው አመልካች በራቸው ከእሳቸው በር ፊት ለፊት ያለው ጋሽ ኢዮስያስ ነበሩ። ሁለቱም ከሰባ አልፈዋል፤ ሁለቱም የትዳር ጓደኛ ሞቶባቸው ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ሁለቱም ደረጃውን እየተሳደቡ ይወጣሉ። ኮሚቴው የሚያበላልጥበት ነገር ቢያጣ እንደ ደንቡ ግጥሚያ ወሰነ። ቀኑ ቅዳሜ ሆነ።

ግጥሚያ የሚደረገው በ«ነጎድጓድ» ነው። ነጎድጓድ ድሮ ቴሌቪዥን ላይ በኮንሶል ይጫወቱት የነበረ የድብድብ ጨዋታ ነው። የሠራው ኩባንያ ከፈረሰ ቆየ፤ ወዳጆቹ ግን አልተዉትም። ከኮንሶሉ አውጥተው በኢሙሌተር፣ የኮንሶል ጨዋታን በሌላ መሣሪያ ላይ በሚያስኬድ ፕሮግራም፣ ስልክ ላይ አስገቡት፤ ከዚያም «ሞድ» በሚባል፣ በየቤታቸው በሚሠሩት ለውጥ ክንፍና ሰይፍ ያላቸውን ተዋጊዎች አስወጥተው ጎረቤቶቻቸውን ተኩበት። መጀመሪያ ለሳቅ ነበር። ከዚያ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ተጋጠሙበት። ከዚያ ወረዳው ክስ የሚያመጣው ሰው መቀነሱን አይቶ ደንብ አወጣለት። አሁን የውኃ ተራ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ የውሻ ጩኸት፣ ሁሉም በነጎድጓድ ያልቃል። ጠዋት ሥራ የሚሄድ ሰው ደረጃው ላይ ተቀምጦ አውራ ጣቱን የሚያፍታታ ጎረቤቱን ሳይረግጥ አይወርድም። ባልና ሚስት ዳቦ ማን ይግዛ ብለው ሦስት ዙር ይጋጠማሉ፤ ዳቦ ቤቱ እስኪዘጋ።

ሰው ሲሞት ሞዱ፣ በመልኩ የተሠራው ተዋጊ፣ አብሮት አይቀበርም። አቶ ናሆም ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ የመኪና ማቆሚያ ቦታቸውን ግን እስከ ዛሬ የወሰደባቸው የለም። ሞዳቸው ብቻውን ይጋጠማል፤ በሕይወት ሳሉ እንደሚያደርጉት መጀመሪያ መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ይከታል፤ ከዚያ ያሸንፋል። ባለቤታቸው እንኳ ቦታውን ለማግኘት ሁለት ጊዜ ሞክረው ተሸንፈዋል። በሁለተኛው ላይ አልቅሰዋል፤ በመሸነፋቸው ይሁን መነጽሩን በማየታቸው የጠየቃቸው ሰው የለም። ቦታው ባዶ ነው። ድመት ይተኛበታል።

እትዬ ሶሊያና በሕይወታቸው ተጋጥመው አያውቁም። ስለዚህ ረቡዕ ዕለት ከገበያ ሲመለሱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አረፍ አሉና የብርቄን በር አንኳኩ።

ብርቄ የጥርስ ሐኪም ናት። ከሥራ ስትመለስ ግን ሞድ ትሠራለች፤ የብሎኩን ሰው በሙሉ ነጎድጓድ ውስጥ ያስገባችው እሷ ናት። በነጻ ነው የሠራችው። የጨዋታው ወዳጆች ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ናቸው፤ ለቤታቸው አንድ ሚስማር የማይመቱ ሰዎች ለጨዋታው ሌሊት ሙሉ ይቀመጡለታል።

«የራሴን አሳዪኝ እስቲ» አሉ እትዬ ሶሊያና።

ብርቄ ስልኩን ከፈተችላቸው። ስክሪኑ ላይ ነጠላ የለበሰች ሴት ቆማ ትወዛወዛለች።

«ይቺ ደግሞ ማናት?»

«እርስዎ ነዎት፣ እትዬ።»

«ዳሌው የማን ነው?»

«የእርስዎ። እኔ ካሜራው ያየውን ነው ያስገባሁት።»

«እንግዲያው ካሜራሽ ዓይኑን ይታይ። በይ፣ በምኑ ነው የምትማታው?»

«ቀዩን ይጫኑ።»

ቀዩን ተጫኑ። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሶሊያና ነጠላዋን አስተካከለች፤ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄደች፤ ከወገቧ ጎንበስ ብላ «እንኳን አደረሰህ!» አለች።

«ማንን ነው እንዲህ የምትለው?»

«ግድግዳውን» አለች ብርቄ። ድምፅዋ ጥርሱ ይነቀላል ሊል እንደተዘጋጀ የጥርስ ሐኪም ድምፅ ዝቅ ብሎ ነበር። «ሌላ ሰው የለማ። እትዬ፣ አንድ ነገር አለ፤ አይቆጡኝ። የብሎኩን ሰው የቀረጽኩት በእንቁጣጣሽ ጠዋት ነው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ግቢው ውስጥ። ሁሉም ሰው ያለው ያን ቀን ብቻ ነበር።»

«ታዲያ?»

«በእንቁጣጣሽ ጠዋት ደግሞ ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። ሰላም መባባል። ሌላ እንቅስቃሴ አልነበረኝም። ሌሎቹ እየተለማመዱ ሲሄዱ ሰላምታው ከላያቸው ረገፈ፤ ጡጫም እርግጫም ለመዱ። ሞዳቸውን አንድ ቀን ከፍተው የማያውቁት እርስዎና ጋሽ ኢዮስያስ ብቻ ናችሁ።»

«እሱ? የጌም ቤት ንጉሥ ነበርኩ ሲል አይደል እንዴ ዕድሜውን የጨረሰው?»

«የሚጫወቱት የድሮዎቹን ተዋጊዎች ነው፤ በግጥሚያ የሚፈቀደው ግን የራስ ሞድ ብቻ ነው። የዛሬ ልጆች ሞድ ሞድ አይባልም ይላሉ።»

ይሄ እውነት ነበር። ጋሽ ኢዮስያስ በአሥራ አራት ዓመታቸው የኮንሶል ጨዋታ በእናታቸው ስልክ ላይ ያስገቡ ሰው ናቸው። ስልኩ ከመጋሉ የተነሳ እናታቸው እርጥብ ጨርቅ ላይ አስተኝተውት «ትኩሳቱ ወረደለት?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። እትዬ ሶሊያና ይህን ታሪክ ቃል በቃል ያውቁታል። ወዳጆች በነበሩ ጊዜ በየበዓሉ ሰምተውታል፤ በየበዓሉም ስቀዋል።

አሁን ግን ከተኳረፉ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላ ነው። ነገሩ የመጣው በሰርግ ነው። የእትዬ ሶሊያና ልጅ በጥር ስትዳር ጥሪው ለሰው ሁሉ በስልክ ተላከ። ጋሽ ኢዮስያስ ሳይመጡ ቀሩ። እሳቸው ጥሪ አልደረሰኝም ብለው አኮረፉ፤ እትዬ ሶሊያና ደግሞ ፊት ለፊት በር ያለ ሰው ጥሪ ይጠብቃል ወይ ብለው አኮረፉ። ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ሌላኛው መሆኑን ሁለቱም እርግጠኞች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በሮቻቸው እኩል ከተከፈቱ አንዱ የረሳው ነገር ያለ ይመስል ተመልሶ ይገባል።

እትዬ ሶሊያና ሐሙስና ዓርብን በልምምድ አሳለፉ። ስልኩ ያመጣባቸው ተጋጣሚ ቀንድ ያለው ጭራቅ ነበር። የስልኳ ሶሊያና ፈገግ ብላ ቀረበችው፤ ጭራቁ አንስቶ ወረወራት፤ እሷም በአየር ላይ እየሄደች «ልጆች ደህና ናቸው?» አለች። ደግመው ሞከሩ። ደግሞ ወረወራት፤ በዚህኛው ስለ እናቱ ጤና እየጠየቀች ነበር። እትዬ ሶሊያና ተናደዱ፤ ቀዩን እስኪያማቸው ጠቀጠቁት።

«አንቺ ደደብ፣ ምቺው እንጂ፣ ሰላምታ አይገባውም!» ብለው ጮኹባት።

ቅዳሜ ጠዋት ደረጃውን ሲወርዱ እንደሚሸነፉ አውቀውት ነበር። ተመልሰው ሲወጡ በየፎቁ የት እንደሚያርፉ እያሰቡ ወረዱ።

የግጥሚያው አዳራሽ ድሮ ነዋሪው በበዓል በግ እንዲያርድበት የተሠራው የጋራ ቤት ነው። የሥጋ መስቀያው ብረት አሁንም ጣሪያው ላይ አለ። ሰው ግጥም ብሎ ሞልቷል፤ የሽንኩርቷ ሴት እንኳ ሊፍቱን ዘግታ መጥታለች። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ደባልቄ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ሠላሳ አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው ነው፤ ከደንብ በስተቀር የሚወደው ነገር ታይቶ አይታወቅም።

ጋሽ ኢዮስያስ ጣቶቻቸውን እያንቋቁ ገቡ። እትዬ ሶሊያናን አላዩም። እትዬ ሶሊያናም አላዩዋቸውም።

«ጋሽ ኢዮስ፣ ጉልበቷን ይምቷት!» አለ አንዱ ከኋላ።

«የሳቸውስ ጉልበት? ሁለቱም ቆመው ከጨረሱ ተአምር ነው!»

«ዝም በሉ!» አለ ደባልቄ። «በደንቡ አንቀጽ አሥራ አንድ መሠረት ተመልካች ምክር አይሰጥም።» ፊሽካውን ነፋ።

የሁለቱ ስልክ ግድግዳው ላይ በሰፊው በራ። ጋሽ ኢዮስያስ በወጣትነታቸው ጌም ቤቱን ያስጨበጨበውን ኮምቦ፣ የተከታታይ ምቶቹን ስልት፣ ጀመሩ፤ ወደ ታች፣ ወደ ፊት፣ ቀይ፣ ቀይ። ጣታቸው አልረሳም። ስልኩ ውስጥ ያለው ኢዮስያስ ግን እጁን በሰፊው ዘረጋና አዳራሹን በሚሞላ ድምፅ፦

«ሶሊዬ! እንኳን አደረሰሽ!» አለ።

ሁለቱ ሰዎች በኩርፊያ ስንት ዓመት እንደቆዩ የማያውቅ አልነበረም። እትዬ ሶሊያና ለማፈግፈግ ተጫኑ። የስልኳ ሶሊያና ግን «ኢዮስ! እንኳን አብሮ አደረሰን!» ብላ እየተጣደፈች ሄደችለት። ተጨባበጡ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ።

ጓ!

ከራሳቸው በላይ ያለው፣ የቀራቸውን ጉልበት የሚያሳየው የሁለቱም የነፍስ መስመር ቀነሰ። ነጎድጓድ ሰው ከሰው ጋር ሲጋጭ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ምት። በቀኝ ተጋጩ፣ ጓ! በግራ ተጋጩ፣ ጓ! እንደገና በቀኝ።

«ወይኔ» አለች ብርቄ ጭንቅላቷን ይዛ።

ጋሽ ኢዮስያስ ወደ ኋላ የሚመልሰውን ቁልፍ አጥብቀው ያዙ። የስልኩ ኢዮስያስ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ነገር ግን በደንብ ሊያያት ብቻ ነበር። «ከሳሽ እኮ!» አለና ተመልሶ ሳማት። ጓ! ጓ!

«የምን መክሳት፣ የሰርግ ሩጫ ነው እንጂ!» አለች የስልኳ ሶሊያና።

«መቼ ሆነ?»

«ለጥር። ትቀርና!»

«እኔ? ሞቼ ካልሆነ!»

ጓ!

አዳራሹ ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም፤ የሽንኩርቷ ሴት ልትጀምር ብላ አፏን በእጇ ያዘች። እትዬ ሶሊያና ሳያስቡት ወደ ጎን አዩ። ጋሽ ኢዮስያስ ቁልፎቹን መጫን ትተው፣ ስልኩን እንደ ጸሎት መጽሐፍ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ግድግዳውን ያያሉ።

የሁለቱም የነፍስ መስመር አለቀ። በመጨረሻው መሳሳም ስልኩ ውስጥ ያሉት ሶሊያናና ኢዮስያስ እኩል ወደቁ።

«ሁለቱም ከወደቁ ቀድሞ የተነሳ ያሸንፋል!» ብሎ ደባልቄ ቆጠራ ጀመረ። እትዬ ሶሊያና ነቁ፤ ቀዩን ደበደቡ። የስልኳ ሶሊያና ጉልበቷን ይዛ ቀና ማለት ስትጀምር የስልኩ ኢዮስያስ «እኔን!» ብሎ እጁን ሰጣት። ተደጋግፈው እኩል ተነሱ። ከዚያ እሱ «ተቀመጪ እንጂ» አላት፤ እሷ «አንተ ሳትቀመጥ?» አለችው። ሜዳው ላይ ወንበር የለም። ወንበር ሳይኖር እየተጋበዙ ሰዓቱ አለቀና ግድግዳው ላይ «እኩል» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ደባልቄ ደንቡን ገለጠ፤ ገጽ ሲያገላብጥ ደስ ያለው ይመስል ነበር። «አንቀጽ አርባ። ግጥሚያው እኩል ከሆነ፣ የቤቱን ደፍ ቀድሞ የተሻገረ ባለመብት ነው። በሩ ክፍት ነው። ጀምሩ!»

ነገሩ እስኪገባቸው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ሁለቱም ተነሱ።

ከአዳራሹ እስከ ቤቱ ያለው ግቢውን ማቋረጥ ብቻ ነው። እትዬ ሶሊያና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ወጡ፤ ጋሽ ኢዮስያስ ከዘራቸውን እንደ መቅዘፊያ እየወረወሩ ተከተሉ። ይህ ሩጫ ነበር፤ ሯጮቹ ስለሚያለከልኩ ነው ሩጫ መሆኑ የታወቀው። ሕዝቡ ከኋላቸው ታላቅን ቀድሞ ማለፍ ነውር ስለሆነ እያዘገመ፣ በመካከል እየቆመም ይከተል ነበር። ልብስ ማስጫው ጋ እትዬ ሶሊያና መሩ። በአቶ ናሆም ባዶ ቦታ ላይ ድመቷ ተነስታ ስትሮጥ ጋሽ ኢዮስያስ ደረሱባቸው። የግራውንዱ ቤት በር ላይ እኩል ደረሱ።

በሩ ለሁለት ሰው አይበቃም።

ቆሙ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ በሩን ይዘው ቆዩ። ውስጡ ከደፉ ጀምሮ ጠፍጣፋ ወለል ነው፤ አንድም ደረጃ የለም። እትዬ ሶሊያና ወለሉን እንደ ምግብ አዩት። አንድ እርምጃ ነበር የቀራቸው።

«ወንበርህን ይዤልህ ነበር» አሉ ሳያስቡት። «በሰርጉ። ከጎኔ። እራት እስኪነሳ ሰው አላስቀመጥኩበትም።»

ጋሽ ኢዮስያስ ከዘራቸውን አዩ። «እኔም ሱፌን ለብሼ ነበር» አሉ። «ከረባቴን አስሬ። መኪኖቹ ሲሄዱ በመስኮት አይቻለሁ።»

«ታዲያ አትወርድም ነበር?»

«ማንም አልጠራኝማ።»

«አንተ ልበ ደረቅ!»

«አንቺስ? ከበር እስከ በር ሦስት እርምጃ አይሆን፣ ታንኳኪ አልነበር?»

ከዚያ ጋሽ ኢዮስያስ እጃቸውን ዘረጉ። እጁ ራሱ ነው የተዘረጋው፤ ሰባ ዓመት ሙሉ በር ላይ ሲዘረጋ የኖረ እጅ። «ግቢ» አሉ።

«ኧረ አንተ ግባ።»

«ግቢ እንጂ፣ ሴት አይደለሽ?»

«አንተ ታላቄ እያለህማ አልገባም።»

«በሞቴ!»

«በእናትህ!»

«ግቢ ብያለሁ!»

«ግባ ስልህ!» አሉና እትዬ ሶሊያና እንደ ልማዳቸው፣ ማንኛውንም እንግዳ ማንኛውም በር ላይ እንደሚያደርጉት፣ በሁለት እጃቸው ጀርባቸውን ገፏቸው። ጋሽ ኢዮስያስ ከዘራቸው ተንጋዶ ደፉን ተሻገሩ።

ፊሽካው ተነፋ። «ገቡ!» አለ ደባልቄ። «ቤቱ የአቶ ኢዮስያስ ነው!»

እትዬ ሶሊያና እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ስድስቱ ፎቅ በዓይናቸው መጣ፤ እያንዳንዱ መታጠፊያ፣ ያለ ጨው የተበላው ወጥ። «በገዛ እጄ» አሉ ቀስ ብለው። «በገዛ ሁለት እጄ!» ከኋላቸው ሕዝቡ ፈነዳ፤ ደረት ለደረት ተደጋግፎ የሳቀም ነበር።

ጋሽ ኢዮስያስ ከባዶው ሳሎን ዞር አሉ። የቤት ባለቤት ሆነው ገና አንድ ደቂቃ አልሞላቸውም፤ ድምፃቸው ግን ተለውጧል።

«ሶሊ፣ ምን ያስቆምሻል ደጅ? ግቢ እንጂ!»

እትዬ ሶሊያናም ገቡ። በሩ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ በቀኝ፣ በግራ፣ እንደገና በቀኝ። ሲጨርሱ እትዬ ሶሊያና ከጋሽ ኢዮስያስ ራስ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ አዩ፤ የነፍስ መስመራቸው ምን ያህል እንደቀነሰ ለማየት።

ያን ቀን ሲመሽ እትዬ ሶሊያና ጉልበታቸው ስላበጠ በትንሿ መኝታ ቤት አደሩ። በማግሥቱ ፍራሻቸው ወረደ። በሳምንቱ የጨው ዕቃቸው ወረደ። ሐሜት ነበር፤ ያላማ ሰው አልነበረም። የሽንኩርቷ ሴት ሊፍቱ ውስጥ ከሽንኩርቱ ይልቅ ወሬውን ብትሸጥ ይበልጥ ታተርፍ ነበር። በወሩ ደባልቄ ደንቡን ይዞ መጣ፤ እንግዳ ከሠላሳ ቀን በላይ አይቀመጥም፣ ይላል አንቀጹ።

«ይሄ ልጅ እውነቱን ነው» አሉ ጋሽ ኢዮስያስ። «ሶሊ፣ ቤቴን ልቀቂልኝ።»

«አልለቅም» አሉ እትዬ ሶሊያና ሽንኩርት እየላጡ።

«እንግዲያው ክርክር አለን። መዝግበን፣ ደባልቄ። ግጥሚያ እንፈልጋለን።»

ደባልቄ አንቀጹን ሁለት ጊዜ አነበበ። ክርክሩ በግጥሚያ እስኪያልቅ ማንም ከቤቱ አይወጣም፤ ግጥሚያው እኩል ከሆነ በሦስት ወር ይደገማል፤ ደፉን ስለመሻገር የሚናገረው ደግሞ ለባዶ ቤት ብቻ ነው። ደንብ ነው፤ ምን ያደርገዋል።

እስካሁን አምስት ጊዜ ተጋጥመዋል። ሰው ወንበሩን ይዞ ይመጣል፤ ከሌላ ብሎክ የሚመጣም አለ። አምስቱንም ጊዜ ስልኩ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ሰዎች እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አደረሰሽ ተባብለው፣ እስኪወድቁ ተሳስመው፣ ተደጋግፈው ተነስተዋል። ከአምስተኛው በኋላ ብርቄ ወደ ሁለቱ ጠጋ አለች። ነገሩ ሲከነክናት ነው የከረመው፤ ሞድ ሠሪ የሠራው ስህተት በሰው ፊት ሲደጋገም እንቅልፍ አይወስደውም።

«እትዬ፣ ጋሼ፣ መፍትሔውን አግኝቼዋለሁ» አለች። «ሰላምታው እንደ ምት እንዳይቆጠር ማድረግ ይቻላል። ዛሬውኑ ላስተካክለው?»

«እንዳትነኪው!» አሉ ሁለቱም ባንድ ድምፅ።

ከዚያ ተነስተው ግቢውን ቀስ ብለው አቋረጡ፤ ሕዝቡ ከኋላቸው ሳይቀድማቸው ተከተለ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ግቢ» አሉ ጋሽ ኢዮስያስ።

«ኧረ አንተ» አሉ እትዬ ሶሊያና። ሕዝቡም ወንበሩን ዘርግቶ ተቀመጠ።